«ጉርድ ሾላ ላይ እወርዳለሁ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉ ልጆች፣ ካልሆነም ከእናቶቻቸው ናቸው። ነገሩ ይመሳሰላል። ተመረቅኩ፣ ከቤት ወጣሁ፣ ሥራ ጀመርኩ፣ ከዚያ ሰውነቴ ከዳኝ። ለዛሬ ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋን ረዘም አድርጌ መልሼላታለሁ፤ እሷ የጠየቀችውን ሌሎቻችሁም በየፊናችሁ ስለጠየቃችሁኝ። ጸሐፊዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። አካውንቲንግ ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ፍለጋ ብዙ ተንከራተትኩ። በመጨረሻ አንድ ባንክ ቴለር አድርጎ ቀጠረኝና አዲስ አበባ መጣሁ። የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም፣ አክስቴ ጋ ነው። ሥራዬ መገናኛ አካባቢ ነው።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ታክሲ ውስጥ ኋላ ወንበር መሃል ተቀምጫለሁ። ሲኤምሲ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ድንገት ልቤ መደለቅ ጀመረ። እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ አለቀልኝ አልኩ። «ወራጅ አለ» ልል ድምፄ አልወጣ አለ። አጠገቤ የነበሩ እናት ናቸው የጮሁልኝ። ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ። የልብ ምርመራ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ። «ምንም የለብሽም፣ ስትሬስ ነው፣ አትጨናነቂ» ብለው ሸኙኝ።

ከዚያ ወዲህ ታክሲ የምይዘው በር አጠገብ ቦታ ካገኘሁ ብቻ ነው። ውሃና ስልኬን በእጄ ይዤ። ልቤ መምታት ሲጀምር ጉርድ ሾላ ላይ እወርድና የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን በራይድ ሄጄ የቀን ውሎዬን ለመኪና እከፍላለሁ። አለቃዬ ለምን እንደማረፍድ ሲጠይቀኝ ጨጓራዬ ነው እላለሁ። አሁን አሁን ደግሞ መስኮቱ ጋ ወረፋ ሲበዛ ያው ስሜት ይመጣብኛል። ማታ ካሽ ከጎደለ ከኪሳችን ነው የምንተካው። በየወሩ ለወንድሜ ትምህርት እልካለሁ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ባንክ ገባች» ብላ አውርታለች።

እሷ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ግቢ ትለኛለች። ጓደኛዬ ቴራፒ ጀምሪ ትለኛለች። ግን ማውራት ከሆነ ለጓደኛዬም አወራለሁ። ደግሞ አማኑኤል ታየች ብባልስ? መሥሪያ ቤቴ ቢሰማስ? እውነት ይሠራል? ምንስ ያደርጉኛል?

*ሳልደርስ የምወርደው፣ ከአያት*

መልስ፦ እህቴ፣ «ምንም የለብሽም» ያሉሽ ሐኪሞች ግማሹን ነው የነገሩሽ። ልብሽ ጤነኛ ነው ማለታቸው ነው፤ እሱ ትልቅ ዜና ነው። ታክሲው ውስጥ የሆንሽው ግን ስም አለው። ባለሙያዎች ፓኒክ አታክ ይሉታል። ድንገት የሚመጣ ብርቱ የፍርሃት ማዕበል ነው። የሞትሽ ወይም ልታብጂ የደረስሽ ይመስልሻል። አይገድልም፤ አያሳብድም።

የሆነው ይኼ ነው። ሰውነትሽ አደጋ አለ ብሎ አድሬናሊን ለቀቀ። ልብሽ ፈጠነ። ሳታውቂው ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመርሽ። እንደዚያ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣት የሚደነዝዘው፣ ከንፈር ውርር የሚለው፣ ጭንቅላት የሚቀለው በዚህ ነው። አየር ያጠረሽ ቢመስልሽም ያስገባሽው ከሚገባው በላይ ነበር። ይህ ስሜት ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በራሱ ይወርዳል። ብትወርጂም ባትወርጂም ይወርዳል። ለድመት ኮሽታ ፊሽካ የሚነፋ ዘበኛ አለ አይደል? ሥራውን እየሠራ ነው፤ ሌባ የለም እንጂ።

አሁን ወደ ጉርድ ሾላ። ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

ስትወርጂ ምን ይሰማሻል? እፎይታ። ልብሽ ይረጋጋል። አእምሮሽ ታዲያ ምን ይማራል? «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ይላል። በማግስቱ ታክሲው ገና ሲኤምሲ ሳይደርስ ውረጂ ይልሻል። በዚህ አያበቃም። ታክሲ ላይ የጀመረው የባንክ መስኮት ጋ ደርሷል፤ ራስሽ ነግረሽኛል። ካልተያዘ ቤተ ክርስቲያን፣ ሠርግ፣ ሊፍት እያለ ይሄዳል። ሆስፒታል በሠራሁባቸው ዓመታት ከሰፈራቸው ሱቅ ማለፍ ያቃታቸው ሰዎች አይቻለሁ። አንዳቸውም በአንድ ቀን እዚያ አልደረሱም። ሁሉም የጀመሩት አንድ ፌርማታ ቀድመው በመውረድ ዓይነት ነገር ነው።

ከጓደኛሽ ጋር ማውራት ለምን እንደማይበቃሽም ከዚሁ ይመጣል። ጓደኛሽ ትወድሻለች፤ ስለዚህ ታዝንልሻለች። «አይዞሽ፣ በራይድ ሂጂ፣ ልሸኝሽ» ትልሻለች። በፍቅር ታስወርድሻለች። ጥሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን ታክሲው ላይ እንድትቆዪ ያደርግሻል። ልዩነቱ ይኼ ነው፤ ቀላል አይምሰልሽ።

ምን ያደርጉኛል ላልሽው፣ አንድ ብቃት ያለው ባለሙያ የሚሄድበትን መንገድ ልንገርሽ። የመጀመሪያው ቀን ብዙውን ጊዜ 50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አብዛኛው ጥያቄ ነው። መቼ ጀመረሽ፣ እንዴት ትተኛለሽ፣ ምን ትበያለሽ፣ ስንት ቡና ትጠጫለሽ፣ ጫት አለ ወይ፣ በቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ። መሞት ተመኝተሽ ታውቂ እንደሆነም ይጠይቁሻል፤ አትደንግጪ፣ ሁሉንም ነው የሚጠይቁት። ሰባት ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅም ሊሰጡሽ ይችላሉ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፣ ድምሩ እስከ 21 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ መታየት አለበት ማለት ነው። በሽታሽን አይወስንም። ግን ከወር በኋላ ደግመሽ ስትሞዪው ቁጥሩ መውረዱን ታዪያለሽ። እንደ ሒሳብ ባለሙያ ደስ ይልሻል መሰለኝ።

ከዚያ ደብተር ያስይዙሻል። ቀን፣ ቦታ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምን አሰብኩ፣ ምን አደረግኩ። አራተኛው ዓምድ «እሞታለሁ» የሚል ከሆነ እሱን ትፈትሻላችሁ። ይህ አታክ ስንት ጊዜ መጣ? ስንት ጊዜ ሞትሽ? በተግባርም ትሞክሩታላችሁ። ባለሙያው ወንበር ላይ እንዳለሽ ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ ይልሻል። ወይም ቆመሽ ራስሽን አዙሪ። ያ የምትፈሪው መደንዘዝና መዞር ክፍሉ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ በፈቃድሽ ይመጣል። ይሄዳልም። ይህን ያዩ ሰዎች ሲስቁ አይቻለሁ፤ «ይኼ ነው እንዴ?» ይላሉ።

ቀጥሎ መሰላል ትሠራላችሁ። የምትፈሪውን ሁሉ ትጽፊና ከ0 እስከ 100 ነጥብ ትሰጪዋለሽ። ያንቺን በግምት ብሠራው እንዲህ ይሆናል። የቆመ ታክሲ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ 20። ቅዳሜ ከሰዓት ከአያት እስከ ሲኤምሲ፣ በር አጠገብ 35። ያንኑ መንገድ መሃል ወንበር ላይ 50። ጠዋት በሥራ ሰዓት እስከ ጉርድ ሾላ 65። ኋላ ወንበር መሃል፣ ጠዋት፣ እስከ መገናኛ 90። «ወራጅ አለ» ብሎ ድምፅ አውጥቶ መጥራትም ለብቻው አንድ ደረጃ ነው፤ ምንም ሳይሆኑ ጮክ ብሎ መጥራት። ከታች ትጀምሪያለሽ። አንዱን ደረጃ ደጋግመሽ እስኪሰለችሽ ትሠሪዋለሽ። ሕጉ አንድ ነው፦ ፍርሃቱ ሲጨምር አትወርጂም፤ ሲቀንስ ነው የምትወርጂው። ውሃውና ስልኩም ቀስ በቀስ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። እነሱን ይዘሽ ስለሄድሽ የዳንሽ እንዳይመስልሽ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሕክምና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ በአጭሩ ሲቢቲ ይባላል። አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካቀናው ሐሳብ የመጣ ነው። ለፓኒክና ለጭንቀት በብዙ ጥናት ከተፈተኑት ሕክምናዎች ዋነኛው ነው። በአብዛኛው በሳምንት አንዴ፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ገደማ ነው። ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። የቤት ሥራውን ለማይሠራ ደግሞ ብዙም አይሠራም። ሳምንቱን ሙሉ በራይድ ሄደሽ ሐሙስ ሐሙስ መጥተሽ ብታወሪ ገንዘብሽን ትጨርሺያለሽ እንጂ ለውጥ የለም።

መድኃኒትስ? አንዳንዴ ያስፈልጋል። የሚያዘው ሐኪም ነው፤ ሳይኮሎጂስት አያዝም። እንደ ፍሎክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉት ሥራቸውን የሚጀምሩት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለሽ እንዳትጥዪው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ አድርገሽ እንደሆነ ጠይቂ። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሥራው ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ወጣት ሴቶች ላይ ሳይታይ እያለፈ በጭንቀት የሚሳበብ ነገር ነው። ቡናውንም ቀንሺ። አክስትሽ ቤት ጠዋት ጠዋት ይፈላል ብዬ ልገምት? አቦሉን ጠጥተሽ ተነሺ። ቶናና በረካ ላይ ባትኖሪ አትቀየምም።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ። ካሽ መጉደሉን፣ ለወንድምሽ መላኩን፣ የእናትሽን ወሬ በሦስት ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። እኔ ግን ግማሹ ሕመም እዚያ ይመስለኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከተማ ቀየርሽ፣ ቤት ቀየርሽ፣ ከተማሪነት ወደ ሠራተኛነት ገባሽ። ከሁሉም በላይ እስከ ትናንት የሚላክላት ልጅ ነበርሽ፤ ዛሬ ላኪዋ አንቺ ነሽ። ጄፍሪ አርኔት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ከ18 ዓመት በኋላ ያለውን ዕድሜ ራሱን የቻለ የሕይወት ምዕራፍ ነው ብሎ ጽፏል። ልጅም ያልሆኑበት፣ ሙሉ ጎልማሳም ያልሆኑበት፣ የሚሞክሩበት ጊዜ ማለቱ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ የመሞከሪያ ጊዜ ማን ይሰጣል? የምረቃው ፎቶ ሳሎን ሳይሰቀል ቤቱ ደመወዝ ይጠብቃል። ክፋት አይደለም። እናትሽ የተሸከመችውን አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ሁሌ የሚፈራ ሰው፣ ማታ ማታ ብር እየቆጠረ «ጎደለ ወይ» የሚል ሰው፣ ጠዋት ልቡ ቢመታ ምን ይገርማል?

የሕክምናው ሁለተኛ ግማሽ እዚህ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል። በወር ስንት እንደምትልኪ ወስኚ። የቤት አስቤዛሽንና ለካሽ ጉድለት የምታስቀምጪውን ካነሳሽ በኋላ የሚተርፈውን ማለቴ ነው። ከዚያ ለእናትሽ አንድ ጊዜ፣ በግልጽ ንገሪያት። «እማዬ፣ በየወሩ ይህን ያህል ነው የምችለው፤ መስከረም ላይ ደግሞ እንነጋገራለን።» ከባለሙያው ጋር ተለማመጂው። እሱ እናትሽን ሆኖ ይመልስልሻል። «እኛስ ምን ልንበላ ነው?» ሲልሽ ምን እንደምትይ እዚያው ትሞክሪያለሽ። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ስልኩን ስታነሺ ድምፅሽ አይንቀጠቀጥም።

ጸበሉን በተመለከተ እኔ ከእናትሽ ጋር አልጣላም። እምነትሽ ከሆነ ሂጂ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብሮ ቢወሰድ ችግር የለውም ብለው በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ለዚህም ያው ነው። ሁለት ነገር ብቻ እፈራለሁ። የታዘዘ መድኃኒት ካለ እዚያ ሲደርሱ አቁሙ የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስሚው። ሌላው፣ ከሥራና ከታክሲ ለመሸሽ ብለሽ ሳምንታት እዚያ ከሰነበትሽ ያው ጉርድ ሾላ ላይ መውረድ ነው። ስትመለሺ መንገዱ የበለጠ ያስፈራሻል።

የት ልሂድ? አማኑኤል ስሙን ሰዎች መሳደቢያ አድርገውት ነው እንጂ ተመላላሽ ክፍሉ የሚመጣው ሰው አንቺን መሰል ነው፤ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ። ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር የከባዱ ሁሉ ስም እሱ ላይ ተለጠፈ። ድሮ ሐኪም የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ የካቲት 12 እና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የመንግሥት ሆስፒታል ርካሽ ነው፤ ግን ወረፋ አለ፣ ሐኪሙም ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ አጭር ነው። ካርድ አውጥተሽ ስትገቢ «ሳይኮሎጂስት ጋ ይጻፉልኝ» ብለሽ በአፍሽ ጠይቂ። ዝም ካልሽ መድኃኒት ብቻ ይዘሽ ልትወጪ ትችያለሽ።

የግል ከሆነ ከመሄድሽ በፊት ደውዪ። ትምህርትዎ ምንድን ነው? ለፓኒክ ምን ዓይነት ሕክምና ይሰጣሉ? ስንት ጊዜ ያስፈልገኛል? ለአንድ ጊዜ ስንት ነው? በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቻላል? እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ጋ አትሂጂ። በነገራችን ላይ ቴሌግራም ላይ «ላይፍ ኮች ነኝ፣ በሦስት ቀን ጭንቀትን ከሥሩ እነቅላለሁ» የሚለውን ሁሉ እለፊው። አንዳንዶቹ ንግግራቸው ያምራል። ሥልጠናቸውን ስትጠይቂ ግን ወሬ ይቀይራሉ።

መሥሪያ ቤትሽ አይሰማም። ባለሙያ ያለ ፈቃድሽ ለአለቃሽም ለእናትሽም አይናገርም። ምስጢሩ የሚላላው ያንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ነው። አንድ እውነት ግን ልንገርሽ፦ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ካመጣሽ ማህተሙ የየትኛው ተቋም እንደሆነ ይነበባል። ይህ ካሳሰበሽ ጠቅላላ ሆስፒታል ምረጪ፤ ወይም ከሥራ በኋላ የሚሠራ ክሊኒክ ፈልጊ።

ቀጠሮ እስክታገኚ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ያዢ። ከአያት እስከ ሲኤምሲ ብቻ። በር አጠገብ ተቀመጪ፤ ይፈቀዳል። ልብሽ ሲመታ ሰዓትሽን እዪና ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ ተንፍሺ። ከመውረድሽ በፊት ስሜቱ ትንሽ ቀንሶ እንደሆነ ለይተሽ እዪ። ደብተሩ ላይ ጻፊው። ያንን ይዘሽ ሂጂ፤ ባለሙያው ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቶ ዶርም ነው ያለው። ለታንክስጊቪንግ ሲመጣ ከስቷል፤ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ስጠይቀው «ቴራፒስት ጋ እየሄድኩ ነው፣ አታስቢ» አለኝ። እኔ እናቱ እያለሁ ለማያውቃት ሴት ነው የሚያወራው? ስለ እኔስ ምን ይላት ይሆን? ብደውልላት ትነግረኛለች? እኔ በሱዳን በኩል ስንት አይቼ ነው የመጣሁት፤ ማንም ቴራፒ አልሰጠኝም።

*እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ አትነግርዎትም። ልጅዎ 18 ዓመት ስላለፈው በዚያ አገር ሕግ ለራሱ አዋቂ ነው። በጽሑፍ ካልፈቀደ ቴራፒስቷ የሚለውን ቀርቶ እሷ ጋ መምጣቱን እንኳን ልትነግርዎ አትችልም። እርስዎ ግን ያዩትን መንገር ይችላሉ። መስማት አልተከለከለችም። ራሱን ሊጎዳ ነው ብለው ከሠጉ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በየትኛውም ሰዓት 988 ይደውሉ። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ ነፃ መስመር ነው።

እርስዎ ኢንሹራንስ ላይ ከሆነ (እዚያ እስከ 26 ዓመት በወላጅ መቆየት ይቻላል) የከፈለውን የሚዘረዝር ደብዳቤ እርስዎ ቤት ሊመጣ ይችላል። ቢያዩት እንዳላዩ ያስቀምጡት። «ይኼ ምንድን ነው?» ብለው ፊቱ ላይ ከዘረጉት ሊያቋርጥ ይችላል።

እሱ እኮ ነግሮዎታል። ስንቱ ነው ከእናቱ ደብቆ የሚሄደው? «አታስቢ» ያለዎትም እንዳይጨነቁ ብሎ ይመስለኛል። ስለዚህ ምን አልካት ብለው አይጠይቁት። «ከእኔ የምትፈልገው ነገር አለ?» ይበሉትና ዝም ይበሉ። ምንም ካለዎት ምንም ነው። ዶሮውን ሠርተው ዶርም ድረስ ይዘውለት ይሂዱ። ሲበላ ስለ ትምህርቱ አያንሱበት።

የሱዳኑን ነገር ደግሞ ለእሱ ማነጻጸሪያ አያድርጉበት። የእርስዎ ከባድ ስለነበር የእሱ ቀላል አይሆንም። ያንን ሁሉ ያለ ቴራፒ አለፍኩት ብለዋል። ለመሆኑ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ? በእርስዎ አካባቢ አማርኛ የሚናገሩ ባለሙያዎች አሉ። ይህን የጠየቅኩት ስለ ልጅዎ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኤግዚት ኤግዛም አንዴ ወድቄያለሁ። 50 ማምጣት አቃተኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ልቀመጥ ነው። ሌሊት ለማጥናት እቅማለሁ። ሲነጋ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ ጓደኛዬ ዲያዚፓም ይሰጠኛል፤ አሁን በየቀኑ ሆኗል። ልቤ ሁሌ ይመታል፣ ያነበብኩት አይያዝልኝም። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ። ቴራፒ ይጠቅመኛል?

*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ባልነቃ ማለትህን ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር። ለወንድምህ፣ ለንስሐ አባትህ፣ ለምታምነው ጓደኛ። ሐሳቡ ወደ «እንዴት ላድርገው» ከሄደ በማንኛውም ሰዓት በአቅራቢያህ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ያንን ኪኒን ክፍልህ ውስጥ አታከማች፤ የምታምነው ሰው ይያዝልህ።

ዲያዚፓሙን ግን በራስህ በአንድ ቀን አታቁመው። ለሳምንታት በየቀኑ የተወሰደ ከሆነ ድንገት ማቆም ከባድ ጭንቀት፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪም በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ ነው የሚያስወጣህ። ጫቱ ቀስቃሽ ነው፤ ልብህን እሱ ያስመታዋል፣ እንቅልፍህን ይወስዳል፣ ከዚያ ለእንቅልፉ ኪኒን ትወስዳለህ። ያነበብከው የማይያዘውም ለዚህ ነው። ትምህርት አእምሮ ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ነው። አንተ የምታጠናውን ራስህ እያጠፋኸው ነው።

ቴራፒ ይጠቅምሃል፤ ግን በሁለተኛ ደረጃ። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ለኪኒኑ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ከዚያ ፈተናው። ዩኒቨርሲቲህ የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ካለው ተመራቂም ብትሆን ሄደህ ጠይቅ፤ የሚመልሱህ አይመስለኝም። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ነው፤ ወድቀው ደግመው ያለፉ ሞልተዋል። ሰፈርህ ውስጥ አንድ ፈልገህ እንዴት እንዳጠና ጠይቀው።

ሐኪሙ ጋ ስትገባ ስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ጊዜ እንደወሰድክ ጽፈህ ያዝ። ማሸጊያውንም ይዘህ ሂድ። ጫቱን አትደብቀው። ጓደኛህም ኪኒኑን ይወስድ እንደሆነ ጠይቀውና አብራችሁ ሂዱ።